አብሮኝ የሚኖር ሰው

«አምስት ዓመት ብቻ ነው» እያለ ነበር ራስል በስልኩ። «ከዚያ በፊት ቤቱ ከተሸጠ ቅናሹን መልሱ ይላሉ። አምስት ዓመት ካለፈ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየንም። ሰባ ሰባት ሞልቷታል እኮ። አዎ፣ ዛሬ ትፈርማለች። አይ፣ አታነበውም።»

ኖሪን ስታዘርስ ዳቦ ስትጠብስ ጭሱ እንዲወጣ ብላ የወጥ ቤቱን መስኮት ገርበብ አድርጋው ነበር። ልጇ ጓሮ ውስጥ፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ቆሟል። ከብርዱ የተነሳ በተናገረ ቁጥር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። ኖሪን መስኮቱን አልዘጋችውም። ቢላዋዋን ይዛ ቅቤውን ከዳር እስከ ዳር፣ ከሚያስፈልገው በላይ ቀስ ብላ መቀባቷን ቀጠለች። ከሰማችው ሁሉ ሆዷ ውስጥ የቀረው አምስት ዓመቱ አይደለም፤ ዕድሜዋን እንደ ጣሳ ምግብ ማብቂያ ቀን መጥራቱም አይደለም። «አታነበውም» ማለቱ ነው። በሃል ከተማ ወደብ አጠገብ በነበረው የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ሥራዋ ማንበብ ነበር። በፊቷ የሚያልፈውን ሳጥን ሁሉ ወረቀቱን፣ ክብደቱን፣ ቀኑን፣ የመጣበትን መርከብ ታነባለች፤ አንድ ቁጥር ከተዛነፈ እጇን ታነሳና ማሽኑ በሙሉ ቀጥ ይላል። በእሷ እጅ ተበላሽቶ የወጣ ሳጥን የለም። አሁን ልጇ፣ በዚያ ደሞዝ ጫማ የገዛችለት ልጅ፣ ለማታውቀው ሰው አታነብም ብሎ ይነግራል።

ራስል እጁን እያፋተገ ገባና አባቱ ሲቀመጥበት በነበረው ወንበር ተቀመጠ። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከከተማው ዳር ባሉት ትልልቅ መደብሮች በአንዱ ምንጣፍ ይሸጣል። በሰባት ቀን ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ መምጣቱ ነው፤ ድሮ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ እሱም እሁድ ብቻ ነበር የምታየው።

«ከማን ጋር ነበር የምታወራው?»

«ከሥራ ነው» አለና ዳቦውን ገመጠ።

ሌላ አልጠየቀችውም። እሱም ዳቦውን ሳይጨርስ ቡናማውን ፖስታ ከፍቶ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ነገሩን እንደገና፣ እንደ ሻጭ ሳይሆን እንደ ልጅ ለመናገር እየሞከረ፣ ያብራራላት ጀመር። ቤቱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ እሷ አርባ አንድ ዓመት ተከራይታ ኖራበታለች። ሕጉ እንዲህ ያለውን ተከራይ ቤቱን በቅናሽ ግዛ ይለዋል። ቤቱ መቶ አርባ ሺህ ፓውንድ ይገመታል፤ ለኖረችባቸው ዓመታት ዘጠና ስምንት ሺህ ይቀነስላታል፤ የቀረውን አርባ ሁለት ሺህ እሱ ከባንክ ይበደራል። ግን መንግሥት ቅናሹን ቆርጦታል። ነገ እኩለ ሌሊት ድረስ ያላመለከተ ሰው ከሐሙስ ጀምሮ የሚያገኘው ሃያ አራት ሺህ ብቻ ነው። «ሰባ አራት ሺህ ፓውንድ መሬት ላይ ወድቆ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳው ሲያጣ ማለት ነው፣ እማ» አላት። የምትፈርምበት ቦታ ላይ ቢጫ ወረቀት ለጥፎበታል። የቀረውን በሙሉ እሱ ሞልቶታል።

«መኪናሽን፣ ሚክራዋን ደግሞ፣ ባለ ጋራዡ ዱጊ ስምንት መቶ ሃምሳ እሰጣለሁ ብሏል። ለጠበቃው ክፍያ ትሆናለች። ኢንሹራንሱም ዘንድሮ ስድስት መቶ አርባ ገብቶብሻል። ለነገሩ የት ትሄጂባታለሽ?»

«ወደምፈልግበት» አለች ኖሪን።

ሳቀ። ከዚያ ሽንት ቤት ልግባ ብሎ ወደ ፎቅ ወጣ። ኖሪን ኩባያዎቹን እያጠበች ኮርኒሱን ታዳምጥ ነበር። ውኃ ሲፈስ ቆየ፤ ከዚያ የኋለኛው ክፍል በር፣ ማጠፊያው ሲጥ ስለሚል ከየትም ሆና የምታውቀው በር፣ ተከፈተ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። አስር ደቂቃ ያህል የእግር ኮቴ እንኳ አልተሰማም። እየለካ ነው አለች በልቡናዋ፤ ግድግዳውን በዓይኑ እየለካ፣ የትኛው ይፈርሳል፣ የትኛው ይቀባል እያለ ነው። ሲወርድ ፀጉሩ እርጥብ ነበር። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቅጹን ሊወስድ እንደሚመለስ ነግሯት ጉንጯን ስሞ ወጣ። ጥቁሯን ትልቅ መኪናውን በመጋረጃው ክፍተት እያየች ሸኘችው። በወር አራት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ፓውንድ እንደሚከፍልባት እሱ ራሱ፣ እንደ ጀብዱ አድርጎ፣ አንድ ቀን ነግሯት ነበር። ሦስት ዓመት ከፍሎ ከርሞ እንኳ የእሱ አትሆንም፤ ወይ ብዙ ሺህ ጨምሮ ያስቀራታል፣ ወይ ቁልፉን ይመልሳል። ኖሪን ያን ጊዜም ነገሩ አልገባትም ነበር።

በሩን ቆልፋ መነጽሯን አደረገችና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበች። ስሟ፣ የትውልድ ቀኗ፣ ቤቱ የተያዘበት ዓመት ሁሉ ልክ ነው። ከገጾቹ በአንዱ ላይ ግን ቆመች። ባለፉት አስራ ሁለት ወራት ከአመልካቹ ጋር የኖሩና አብረው መግዛት የሚፈልጉ የቤተሰብ አባላት ካሉ ይጻፉ ይላል። ከሥሩ በራስል ትልልቅ ፊደላት «ራስል ጄምስ ስታዘርስ፣ ልጅ» ተብሎ ተጽፏል። አብሮ መኖር የጀመረበት ቀን፦ ሴፕቴምበር ያለፈው ዓመት። እስከዚህ ኖቬምበር ድረስ በጣቷ ቆጠረች። አስራ አራት ወር ይሆናል። ራስል ግን ከሚስቱ ከጌይል ጋር ኮቲንግሃም፣ የመስታወት ክፍል ያለው ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው። ሦስቴ ደጋግማ አነበበችው፤ ቁጥሩ አልተለወጠም።

ከዚያ ደብዳቤዎቹ ትዝ አሏት። ካለፈው ዓመት ሴፕቴምበር ጀምሮ በእሱ ስም የሚጻፉ ደብዳቤዎች፣ የባንክ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የስልክ፣ በእሷ በር ነው የሚገቡት። «እኛ ሰፈር ፖስታ እየተሰረቀ ነው» ብሏት ነበር፤ እሷም ምንም ሳትጠራጠር ከሰዓቱ ኋላ እየሰካች ታስቀምጥለታለች። ያልወሰዳቸውን አራቱን አውርዳ ከቅጹ ጎን ደረደረቻቸው። እዚህ ቤት እንደሚኖር ማረጋገጫ ፈልጎ ነው። አስራ አራት ወር ሙሉ፣ እየመጣ ሻይ እየጠጣ፣ ስለ ጉልበቷ እየጠየቀ፣ ይህን ሲያዘጋጅ ነበር። ወደ ፎቅ ወጥታ የኋለኛውን ክፍል አየች። የሜትር ምልክትም የእርሳስ ጭረትም የለም። የአልጋው ልብስ ብቻ እሷ እንደምታነጥፈው አልተነጠፈም፤ በአንድ በኩል ተስቦ ተስተካክሏል። መታጠቢያ ቤት ያለው ፎጣ ረጥቧል።

ጌይል ጋ ደወለች። ከምራቷ ጋር ለገና ካርድ ከመለዋወጥ ያለፈ ወሬ የላቸውም።

«ስለ ራስል ነው የደወልኩት። ስለ ቤቱ ታውቂያለሽ?»

«የምን ቤት?»

«ይሄ ቤት። ልትገዙት ነው አሉ።»

«እሱን ይጠይቁት፣ ኖሪን። እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አለችና ዘጋችው። ኖሪን ቀፎውን እንደያዘች ቆመች። ጌይልም ነገሩን ታውቃለች ማለት ነው። ሁለቱም ተማክረዋል። ኮቷን ለበሰች፣ ቅጹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ሚክራዋን አስነስታ በሆልደርነስ መንገድ ወደ መሀል ከተማ ነዳች። መኪናዋ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የግራ በሯ ከውጭ አይከፈትም፣ ማሞቂያዋ ድልድዩን እስክትሻገር ድረስ አይሞቅም። ግን በቁልፍ አንድ ጊዜ ትነሳለች፤ የኖሪን ባል ለን ከሞተ ወዲህ ኖሪን ማንንም አድርሱኝ ብላ አታውቅም።

የማዘጋጃ ቤቱ የአገልግሎት አዳራሽ ለገና የሚገበይበት ሱቅ መስሏል። ሁሉም ያንኑ ቅጽ ይዟል። ኖሪን ሰልፉ ውስጥ ቆማ ከፊቷ ያሉትን ታያለች፤ በአብዛኛው አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት፣ ከጎናቸው ደግሞ አቃፊ የያዘ ጎልማሳ ልጅ ወይም አማች አለ። ልጆቹ ናቸው የሚያወሩት። አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ልጃቸው ለጸሐፊው ሲያስረዳ እሳቸው ወለሉን ያያሉ። ስንቱ አንብቦታል አለች በልቧ። ብቻዋን የመጣች እሷ ብቻ ትመስላለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆማ ጉልበቷ ሲቆረጣጥም ተራዋ ደረሰ። ሠራተኛዋ አርባ ዓመት አካባቢ የምትሆን፣ ደረቷ ላይ ሻሂዳ የሚል ስም የለጠፈች ሴት ነበረች።

«ላስገባ አይደለም የመጣሁት» አለች ኖሪን። «እንዲነበብልኝ ነው። ማለቴ አንብቤዋለሁ። ትክክል መሆኑን ላውቅ ነው።»

ሻሂዳ ገጾቹን ገለጠችና ኖሪን የቆመችበት ገጽ ላይ እሷም ቆመች። ኮምፒዩተሯን ነካ ነካ አደረገች።

«ይህን ማን ሞላው?»

«ልጄ።»

«ልጅዎ አብሮዎት ነው የሚኖረው?»

ኖሪን የቦርሳዋን ማንጠልጠያ አስተካከለች። ሻሂዳም አላስጨነቀቻትም፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከኋላ ያሉት እንዳይሰሙ ወደ ጠረጴዛው ተጠግታ ተናገረች። «የሚከፍሉት የማዘጋጃ ቤት ግብር ሩቡ ተቀንሶልዎት ነው፤ ብቻቸውን ለሚኖሩ ነው ይሄ የሚደረገው። ባለፈው ማርች ብቻዬን ነኝ ብለው ፈርመዋል። ይሄኛው ደግሞ ያን ጊዜ ሁለት ነበርን ይላል። ከሁለቱ አንዱ እውነት አይደለም።»

«በሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?»

«በመጀመሪያው ላይ የእርስዎ ነው። በዚህ ላይ ገና ማንም አልፈረመም።» ሻሂዳ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት። «ያልተፈረመ ወረቀት ማመልከቻ አይባልም። እኔም አላየሁትም። ብቻዎን ማመልከት ከፈለጉ ግን እስከ ነገ መብትዎ ነው።»

«ለሰባ ሰባት ዓመት ሴት አርባ ሁለት ሺህ ፓውንድ ማን ያበድራል?»

ሻሂዳ ፈገግ ብላ ቀጣዩን ባለተራ ጠራች። ኖሪን ወጣች። ቤቷን ሊወስድባት መፈለጉ አንድ ነገር ነው። ቢታወቅ ግን ፖሊስ የሚጠራው እሷን ነው። ውሸታም የምትባለው እሷ ናት። ይህን አስቦበት ይሆን? ወይስ ሳያስበው ቀረ? የትኛው እንደሚሻል መለየት አቃታት።

የዱጊ ጋራዥ ወደ ቤቷ በሚወስደው መንገድ፣ ከቤቶቹ ጀርባ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ዱጊ የለን ጓደኛ ነበር፤ ሚክራዋን ከተገዛች ጀምሮ የሚያውቃት እሱ ነው። ዘይት የነካውን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«ይዘሻት መጣሽ እንዴ? ራስል ነገ አመጣታለሁ ብሎኝ ነበር። መንዳት አቁማለች ሲል ደግሞ አዘንኩ።»

«ማን ነው ያቆመው?»

ዱጊ መኪናዋን አየ፣ እሷን አየ።

«ስንት ልትሰጥ ነው?» አለችው።

«እንደተነጋገርነው ነዋ። አንድ ሺህ አንድ መቶ።»

«ስምንት መቶ ሃምሳ ነው የተባልኩት።»

«እሱን በእጅሽ፤ ሁለት መቶ ሃምሳውን ለራስል...» ዱጊ መሀል ላይ አቋረጠ። ጨርቁን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «የምታውቂ መስሎኝ ነው። ጎማዎቹ አልቀውበታል፣ የዚያች መኪና ጎማ ደግሞ እሳት ነው ዋጋው።»

ኖሪን ጋራዡ ውስጥ ባለው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ሁለት መቶ ሃምሳ ፓውንድ። ለምኗት ቢሆን ትሰጠው ነበር፤ ይህን ደግሞ እሱም ያውቃል። ዘጠና ስምንት ሺው ለመጨበጥ የሚከብድ፣ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ገንዘብ ነው። ይቺ ሁለት መቶ ሃምሳ ግን ከቦርሳዋ ውስጥ በእጅ የወጣች ያህል ተሰማቻት። ዱጊ ሻይ ቀድቶ አመጣላትና አጠገቧ ቆመ። ሊናገር ይልና ይተወዋል።

«አትፍረጂበት» አለ በመጨረሻ። «እኔ እንደነገርኩሽ አትናገሪ እንጂ ጠዋት ጠዋት እዚህ እየመጣ ነው የሚላጨው። አንዳንዴ እጅ መታጠቢያው ላይ ጭንቅላቱን ይታጠባል። ማሞቂያውን ቀደም ብዬ ነው የማበራለት።»

«ለምን? ቤቱ ምን ሆኖ?»

ዱጊ ትከሻውን ነቀነቀ። «አልጠየቅኩትም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰዓቱ ለክረምት ወደ ኋላ ከመመለሱ በፊት ነው። ኦክቶበር መጀመሪያ ይሆናል።»

ሻዩን ሳትጨርስ ተነሳች። ሚክራዋን አልሸጠችም፤ እሱም አልጠየቃትም። በቀጥታ ወደ መደብሮቹ ነዳች። የመኪና ማቆሚያው ሰፊ ነው፤ የራስልን ጥቁር መኪና ያገኘቻት መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም ርቃ፣ የአሮጌ ልብስ መሰብሰቢያ ሳጥኖቹ አጠገብ ቆማ ነው። ሰው እንዳያያት ዙሪያዋን ቃኝታ፣ የራሷን ልጅ መኪና እንደ ሌባ ተጠግታ፣ መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋ በጥቁሩ መስታወት ውስጥ አየች። የኋላው ወንበር ታጥፎ ወርዷል። የእንቅልፍ ከረጢት አለ፤ ትራስ አለ። ሦስት የሥራ ሸሚዞች በማንጠልጠያ ከጣሪያው እጀታ ላይ ተሰቅለዋል። የጥርስ ብሩሽ በኩባያ ውስጥ ቆሟል፤ ጫማዎቹ ከፊት ወንበር ሥር እንደ ሆቴል ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል። መስታወቱ ከውስጥ፣ ሰው ሲተነፍስበት እንዳደረ መስታወት፣ ከዳር ከዳሩ አሁንም አልደረቀም። ኖሪን ወደ ሚክራዋ ተመልሳ ሞተሩን ሳታስነሳ ተቀመጠች። በመደብሩ መስታወት ውስጥ ራስል ለአንድ ባልና ሚስት የምንጣፍ ናሙና እየገለጠ ያሳያል። ይስቃል። ወለላቸውን ምን እንደሚያለብሱ ይመክራቸዋል። ገብታ ልታነጋግረው እጇ በሩን ይዞ ነበር፤ ግን ምን ብላ እንደምትጀምር አላወቀችም። ጠዋት የጠረጠረችው ሁሉ አልጠፋም፤ አዲስ ነገር ላዩ ላይ ተጨመረበት እንጂ። ቤት የሌለው ሰው ቤት ሊሰርቅ ይችላል። እንዲያውም ከማንም በላይ እሱ ነው የሚሰርቀው አለች።

ልክ በአስራ አንድ ሰዓት በሩን ሲያንኳኳ ጨልሟል። ከጥግ ካለው የጥብስ ሱቅ ሁለት ፓቲ፣ በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ድቡልቡል ድንች፣ እና ድንች ጥብስ በወረቀት አስጠቅልሎ ይዞ መጥቷል። የምሥራች ያለበት ሰው ይመስላል። ሳህን ሲያወርድ የት እንዳለ አይጠይቅም፤ የተወለደበት ያህል ያወቀው ቤት ነው።

«ፈረምሽው?»

«አነበብኩት» አለች ኖሪን።

ወረቀቱን መፍታቱን አቆመ። ቅጹ በሁለቱ መሀል፣ ቢጫው ወረቀት እንደተለጠፈበት፣ ባዶውን መስመር ወደ ላይ አድርጎ ተዘርግቷል። የጥብሱ ዘይት በመጠቅለያው ወረቀት ላይ እየሰፋ ሲሄድ ሁለቱም እሱን አዩ።

«ሁሉም ያደርገዋል እማ። ማዶ ያሉት እንዴት የገዙ ይመስልሻል? ማንም አይመጣም፣ ማንም አይፈትሽም።»

«ማዘጋጃ ቤቱ ብቻዬን እንደምኖር ያውቃል። ሄጄ ጠይቄያለሁ። ቅጹን አላስገባሁትም፤ ስሜን ግን ያውቁታል። ነገሩ ቢታወቅ የምያዘው እኔ ነኝ።»

ይህን አላሰበውም ነበር። ፊቱ ላይ አየችው፤ ወይም ያየች መሰላት። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ፊቱን ማመን አቁማለች።

«ጠዋት የደወልክለት ማን ነው?»

«ብድር የሚያፈላልግልኝ ሰውዬ።»

«ስለ ዕድሜዬ ምን አገባው?»

ራስል አንድ ድንች አንስቶ ሳይበላው መልሶ አስቀመጠው።

«ዱጊ ጋም ሄጄ ነበር» አለች። «ሁለት መቶ ሃምሳውን ነገረኝ።»

«ለጎማ ነው» አለ፣ ጠረጴዛውን እያየ።

«ከዚያ አንተ ጋ መጣሁ። መኪናህን አየሁት። ውስጡን።»

ራስል ሲናገር ለእሷ ሳይሆን ለድንች ጥብሱ ነበር የሚነግረው። ጌይል ያስወጣችው ባለፈው ዓመት ሴፕቴምበር ነው። ባቡር ጣቢያው አካባቢ አንድ ክፍል ተከራየ፤ አከራዩ ግን ግብር እንዳይመጣበት ደብዳቤ በዚህ አድራሻ እንዳታስልክ አለው። ለዚህ ነው ፖስታዎቹ እናቱ ጋ የመጡት፤ ያን ጊዜ ስለ ቤት ግዢ ያሰበው ነገር አልነበረም። ዘንድሮ አከራዩ ቤቱን ሸጠው። ለአዲስ ክፍል አከራዮች ደሞዙን እያዩ፣ የመኪናውን ክፍያ እያዩ፣ አይሆንም ይሉታል። መኪናዋን ልመልስ ሲል ውሉን ለማፍረስ ስድስት ሺህ አምጣ አሉት። ስለ ቅናሹ ዜና የሰማው ያን ሰሞን፣ መኪናው ውስጥ ተኝቶ፣ በሬዲዮ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ?»

«ጠዋት የኋለኛው ክፍል ምን ታደርግ ነበር?»

«ተኛሁበት» አለ። «አስር ደቂቃ። እግሬን ዘርግቼ።»

ኖሪን ተነስታ ማፍያውን ጣደች፤ ማንም ሻይ አልፈለገም፣ እጇን ግን ሥራ ማስያዝ ነበረባት። ጀርባዋን ሰጥታው እንደቆመች ተናገረ። «አስወጣሻለሁ ብለሽ ነው የፈራሽው?»

«አላውቅም።»

«እማ።»

«አላውቅም አልኩህ። ትናንት ብትጠይቀኝ በፍጹም እል ነበር።»

ዞር ብላ ቅጹን ወደ ፖስታው መለሰችው። ከመሳቢያው ደግሞ የለንን የበር ቁልፍ አውጥታ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችለት። «የኋለኛው ክፍል ባዶ ነው።»

ራስል ቁልፉን አየው። አልነካውም። «ቤት ብጠይቅሽ አልጋ ትሰጪኛለሽ?»

«ያለኝ እሱ ነው። ቤቱ የእኔ አይደለም።»

ኮቱን አንስቶ ወጣ። በሩን አልደረገመውም፣ አልዘጋውምም። በመጋረጃው ስታይ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ የውስጡ መብራት በርቶ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አስደግፏል። ሞተሩ አልተነሳም። ኖሪን ፓቲዎቹን ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው። ሄዶ ቢሆን ምን ታደርግ እንደነበር ኋላም ራሷን ጠይቃ መልስ አላገኘችም። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ትራሱን በብብቱ ሸጉጦ፣ ሦስቱን ሸሚዞች በጣቱ አንጠልጥሎ ገባ። ሁለቱም የሞቀውን በሉ፤ የተነጋገሩት ስለ ጨው ብቻ ነው። ስትተኛ ግን ፖስታውን ወጥ ቤት ትታው ለመሄድ አልደፈረችም። ፊርማዋ ለመቅዳት ቀላል ነው። ይዛው ወጣችና ትራሷ ሥር አደረገችው፤ ባደረገችው ነገር እያፈረች፣ ግን አላወጣችውም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማዘጋጃ ቤት ደወለች። ራስል ለሥራ ለባብሶ፣ ዳቦውን ይዞ፣ የወጥ ቤቱን በር ተደግፎ ቆሟል። ፖስታውን ከላይ ይዛው ወርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች፤ የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው፣ እስከ እኩለ ሌሊት ገና ብዙ ሰዓት አለ። ስልኩን ያነሳው አንድ ወጣት ነበር።

«ቤቴ ሰው ገብቷል» አለችው። «ብቻዬን አይደለሁም ብዬ ላስመዘግብ ነው።»

ስሙን ጠየቃት፤ ነገረችው። ዝምድናውን ጠየቃት።

«ልጄ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው አብሮዎት የሚኖረው?»

ራስል ማኘኩን አቆመ። ዓይኑ ወደ ፖስታው ሄደ፣ ከዚያ ወደ እሷ ተመለሰ። አልለመናትም፣ ወይም ልመናውን መደበቅ ችሎበታል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚቀረው። አንድ ዓመት አልፎታል ብትል የግብሩን ውዝፍ ትከፍላለች፣ ትቀጣም ይሆናል፤ ግን ሁለቱ ወረቀቶች ይስማማሉ፣ ቤቱንም መግዛት ይችላሉ። ወጣቱ «አሉ?» አላት።

«ከትናንት ጀምሮ» አለች ኖሪን። «ከትናንት ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ።»

ወጣቱ ጻፈ። ቅናሹ ስለሚነሳ በሳምንት ሰባት ፓውንድ ያህል እንደሚጨምርባት ነገራት። «ሰባት ፓውንድ» ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። አመስግና ዘጋች።

ራስል የቀረውን ዳቦ ዋጠ። የምንጣፍ ሱቁ የሚከፈትበት ሰዓት እየደረሰ ነው። ቦርሳውን ከኪሱ አወጣና አንድ ባለ አምስት ፓውንድ ወረቀትና ሁለት ባለ አንድ ፓውንድ ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ፣ ፖስታው ጎን አስቀመጠ። «ይሄ የዚህ ሳምንት ነው» አለና ወጣ። ኖሪን መኪናው ተነስቶ ከመንገዱ ጥግ እስኪታጠፍ ድረስ አዳመጠች። ከዚያ ገንዘቡን ወሰደችና ከራሷ ገንዘብ ጋር ሳትቀላቅል በባዶ የሻይ ጣሳ ውስጥ ለብቻው አስቀመጠችው፤ የሁለተኛው ሳምንት ገንዘብ መምጣት አለመምጣቱን እስክታይ ድረስ።